እንጀራ መተውና የአጥንት ጤንነት

በየ3 ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ማለትም ዴፖ ፕሮቬራን፣ ከሚወስዱ ሴቶች አንዳንዶቹ ክብደት ይጨምራሉ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ በቅድሚያ የሚያስቡት እንጀራ መተውን ነው። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ይህን ካሰባችሁ ስለ አጥንት ጥቂት ማወቅ ይገባችኋል።

መርፌው ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ይቀንሳል። ይህ ሆርሞን አጥንትን ከመሳሳት የሚጠብቅ በመሆኑ መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ አጥንት በመጠኑ ይሳሳል። መርፌው ሲቆም ግን አብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ ፈርቶ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ያልታሰበ እርግዝና ሊከተል ይችላል።

ወደ እንጀራው እንመለስ። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ150 ሚሊ ግራም ያላነሰ ካልሲየም ይገኛል፤ ስንዴና ሩዝ ያላቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 1000 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ወተት በየቀኑ ለማይገባበት፣ በጾም ወራትም ጨርሶ ለማይቀመስበት ቤት የጤፍ እንጀራ ትልቅ የካልሲየም ምንጭ ነው። በእንጀራው ምትክ ሥጋ ማብዛትም ጉድለቱን አይሞላም፤ በሥጋ ውስጥ ያለው ካልሲየም ጥቂት ነውና።

ክብደት ለመቀነስ ከስኳር፣ ከለስላሳ መጠጥ፣ ከነጭ ዳቦና ከዘይት ብዛት ይጀምሩ። እንጀራውን ያሳንሱ እንጂ አይተዉት። ጎመንና ካልተፈተገ ሰሊጥ የተዘጋጀ ምግብ ለጾምም ይሆናሉ፤ በፍስክ ወተትና እርጎ ይጨምሩ። በእግር መሄድም አጥንትን ያጠነክራል።

ከዚህ ቀደም በቀላል አደጋ አጥንትዎ ተሰብሮ ከሆነ፣ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ፣ መርፌውን ከመወጋትዎ በፊት ለነርሷ ይንገሩ። እንደ ሉፕ ያለ ሌላ ዘዴ ከባለቤትዎ ጋር ተመካክራችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።