ውሃ ሁሉ ዓሣ አያፋፋም

«ውሃ ካለ ዓሣ አለ» ይባላል። በደባይ ጥላትግን ወረዳ፣ በቁይ ዙሪያ ለመስኖ ብሎ ኩሬ የቆፈረ ገበሬ «ዓሣም ልጨምርበት» ቢል ማን ይፈርድበታል? የሚያስቸግረው ግን ውሃ ማጣቱ ሳይሆን ብርዱ ነው።

በኩሬ የሚለመደው ቆሮሶ ደኅና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውሃ ነው። ከ16 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ብርዱ የሚመጣው ከከፍታው ነው፦ ጣና ሐይቅ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። የታኅሣሥ ውርጭ ያደረበት ኩሬ ውስጥ ጠዋት እጁን የነከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቆላ ላይ በስድስት ወር ለድስት የሚደርስ ዓሣ እዚህ ዓመትም ላይበቃው ይችላል። በእኔ ግምት ለደጋው ብርድ የሚችለው ካርፕ የተባለው ዓሣ ይሻላል፤ ቆሮሶው ወደ ዓባይ ሸለቆ ይውረድ። ካርፕም ቢሆን ጣጣ አለው፤ ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ ክረምት ኩሬው ሞልቶ ወንዝ ከገባ የወንዙን ዓሣ ይጎዳል።

«ቆሮሶ ራሱን ይተካል፤ ጫጩት አንዴ መግዛት ይበቃል» የሚሉም አሉ። የቆሮሶ ትልቁ ችግር ግን መራባቱ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይሸጎጣሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፣ ገና በትንሽነታቸውም መውለድ ይጀምራሉ። መረቡ ሲጎተት ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይርመሰመሳሉ፤ ለወጥ የሚሆን የለም። መላው ወንድ ወንዱን ለይቶ ማሳደግ፣ አለዚያም ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ትንንሾቹን ማስበላት ነው። ጥሩ ጫጩት ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ይምጣ ቢባል፣ እስከ ደብረ ማርቆስ ብቻ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ አለበት።

«ዓሣ ከውሃው ይበላል፣ መኖ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፍግ ሲጨመርበት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ለዓሣ ምግብ ነው። ክንድን እስከ ክርን ነክሮ መዳፍን ማየት ካልተቻለ ፍግ ማቆም ነው። ከልክ ሲያልፍ ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አየር አጥሯቸዋል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቢጨመር ያፋፋል፤ ግን ላሚቱም የምትበላው እሱኑ ነው።

«ጣና እያለ ኩሬ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ፦ በሐይቁ ነጭ ዓሣ የሚባለው ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይጨርሳታል። ከሐይቁ የሚወጣው ነጭ ዓሣ እየመነመነ የሄደው ለዚህም ጭምር ነው፤ በሐይቁ ውስጥ በደቅ ደሴት የሚኖረውም ሰው ቢሆን «ሐይቁ አያልቅም» ብሎ መተማመን አይችልም።

የቀረው ገበያው ነው። «ደገኛ ዓሣ አይበላም» የሚሉ ጾም ሲገባ ባሕር ዳር ሄደው ምግብ ቤቶቹን ይዩ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባት ትቼዋለሁ። ዓሣ ከወጣ በኋላ ያለ በረዶ ውሎ አያድርም። የኩሬው ግን አንድ ብልጫ አለው፦ ገዢ እስኪገኝ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ ደንበኛው ደጅ ሲደርስ መረቡ ይጣላል።