የላንቴን ቦይ የሚለካ ኮምፒውተር፦ ክፍት ዲዛይንን ለራስ ሥራ ማስተካከል

ላንቴ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ያለች የሙዝ አገር ናት። ሙዙ የሚለማው ከጋሞ ደጋ በሚወርድ የመስኖ ውኃ ነው። በደረቁ ወራት ውኃው ሲያንስ «ትናንት ሌሊት ቦዩ ምን ያህል ሞልቶ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ጎረቤት ከጎረቤት ያጋጫል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1986 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለነበር፣ ከግቢው አንድ ተማሪ ተነሥቶ የቦዩን ከፍታ እየለካ በስልክ የሚያሳውቅ መሣሪያ ልሥራ ቢል አያስገርምም። እንዲህ ያለ ሰው አለ እንበል። ከየት ይጀምር?

መጀመሪያ ኮምፒውተር ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቅ። ከአንድ ቦይ አንድ ቁጥር በየሩብ ሰዓቱ ለማንበብ አርዱይኖን የመሰለ ትንሽ ቦርድ ይበቃል፤ ባትሪም ይቆጥባል። ሊኑክስ የሚጭን ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ሥራው ሲሰፋ ነው፦ ከብዙ ቦዮች የሚመጣውን መረጃ ለማከማቸት፣ ካሜራ ለማገናኘት፣ ገበሬው በስልኩ የሚያየውን ገጽ ለማዘጋጀት።

በሰፊው የሚታወቀው ራስፕቤሪ ፓይ ነው። ነገር ግን የእሱ ሙሉ ዲዛይን ክፍት አይደለም፤ የሚለቀቀው የሰርኪዩት ሥዕል የተቀነሰ ነው። ቦርዱን ገዝቶ መጠቀም እንጂ ለውጦ ማሠራት አይቻልም። በ2013 እ.ኤ.አ. በ45 ዶላር የወጣው ቢግልቦን ብላክ ግን የሰርኪዩት ሥዕሉም፣ የቦርዱ አቀማመጥም፣ የዕቃዎቹ ዝርዝርም ለማንም ክፍት ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ጊጋኸርዝ፣ ሚሞሪው 512 ሜጋባይት ነው። ችግሩ፣ የቦርዱ አቀማመጥ የተሠራበት አሌግሮ የተባለው ፕሮግራም ውድ ነው። የቡልጋሪያው ኦሊሜክስ ኦሊኑክሲኖ ከተባሉት ቦርዶቹ አንዳንዶቹን በነፃው ፕሮግራም በኪካድ ስለሚሥል ለተማሪ ኪስ ይስማማል።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁሉንም አፍርሶ ለመሥራት መነሣቱ ላይ ነው። ቢግልቦን ብላክ ባለ ስድስት ንብርብር ቦርድ ነው፤ በፕሮሰሰሩና በሚሞሪው መካከል ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ርዝመታቸው ተመጣጥኖ የተሠራ ስለሆነ፣ እዚያ ሰፈር የተነካ ቦርድ ላይነሣ ይችላል። ያንን ክፍል አትንኩ። በቦርዱ ጎንና ጎን 46፣ 46 ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ማገናኛዎች አሉ፤ ለላንቴ የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ በሚሰካ ሌላ ትንሽ ቦርድ መጨመር ይቻላል። በእኔ አስተያየት ከዐሥር ሥራ ዘጠኙ እዚህ ላይ ያበቃል።

በዚያ ትንሽ ቦርድ ላይ ምን ይቀመጥ? ሰዓት አንዱ ነው። ቢግልቦን ኃይል ሲቋረጥበት ሰዓቱን ይረሳል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦይ ዳር ሲነሣ ቀኑን ስለማያውቅ የሌሊቱን መዝገብ በሌላ ዓመት ላይ ይጽፈዋል። ዲኤስ3231 የተባለውን የሰዓት ቺፕ ከአንዲት ክብ የሰዓት ባትሪ ጋር መጨመር ይህን ይፈታል። ሴንሰሩም አለ። የከፍታ ሴንሰሮች ብዙ ጊዜ እስከ 5 ቮልት ያወጣሉ፤ የቢግልቦን የንባብ እግር ግን ከ1.8 ቮልት በላይ አይችልም፤ ያለፈበት ፕሮሰሰሩን ያቃጥላል። ባለ 20 ኪሎኦምና ባለ 10 ኪሎኦም ሁለት ሬዚስተሮች 5ቱን ቮልት ወደ 1.67 ያወርዱታል። ዋጋቸው ሳንቲም ነው፤ የሚያድኑት ቦርዱን።

ኃይሉ ከሁሉ ይከብዳል። ሶላሩ የሚሞላው ባትሪ 12 ቮልት፣ ቦርዱ ግን 5 ቮልት ስለሚፈልግ፣ መካከል ላይ ቮልት አውራጅ ይገባል። ቦርዱ ብቻውን ከግማሽ አምፔር በታች ይበላል። ኤስኤምኤስ የሚልከው የሲም800 ሞጁል ግን ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ይህ ያልታሰበበት መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ደህና ይሠራና ቦዩ ዳር መልእክት በላከ ቁጥር ጠፍቶ ይነሣል። ለሞጁሉ የራሱ ቮልት አውራጅና ትልቅ ካፓሲተር ስጡት።

ዋናውን ቦርድ ራሱ መለወጥ ግድ ቢሆንስ? ለምሳሌ ለስክሪን የተሠራው የኤችዲኤምአይ ክፍል ቦይ ዳር ስለማያስፈልግ ሊወጣ ይችላል። ያኔ በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፖኬትቢግል መነሣት ይቀላል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና የኃይል መቆጣጠሪያው አንድ እሽግ ውስጥ ስላሉ አስቸጋሪዎቹን መስመሮች አምራቹ ጨርሷቸዋል። ከቢግልቦን ብላክ ለሚነሣ ግን አንዲት ወጥመድ አለች። ቦርዱ ላይ የማንነቱ ስም የተጻፈባት ትንሽ ቺፕ ትገኛለች። «አታስፈልግም» ብሎ የቀነሳት ወይም ባዶዋን የተዋት ሰው፣ ማስነሻው ፕሮግራም ቦርዱን አላውቀውም ብሎ ቆሞ ያገኘዋል። ዲቫይስ ትሪ የተባለውም ፋይል አብሮ ይስተካከል፤ ሊኑክስ ምን ዕቃ እንደተጨመረና እንደተቀነሰ የሚያውቀው ከእሱ ነው።

ፈቃዱንም አንብቡ። ዲዛይኑ ክፍት ነው ማለት ስሙና ዓርማው ነፃ ናቸው ማለት አይደለም፤ የራሳችሁን ስም ስጡት። የቢግልቦን ብላክን ዲዛይን ለውጣችሁ ለሌላ ስታካፍሉም የመጀመሪያውን ሠሪ ጠቅሳችሁ በዚያው ፈቃድ መልቀቅ አለባችሁ።

ባዶው ቦርድ ብዙውን ጊዜ የሚታተመው ውጭ አገር ነው፤ ክፍያው ዶላር ይጠይቃል፣ ጉምሩክም አለ፣ ስለዚህ ስሕተት ውድ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ሥዕሉን በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሙትና ሶኬቶቹን፣ የሲም ማስገቢያውንና ባትሪ መያዣውን አንድ በአንድ ላዩ ላይ አስቀምጡ። ያልገጠመ እግር ካለ እዚያው ይታያል።