አርማ፣ ቅርጽና ቀለም በንግድ ምልክት ሕግ

የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአርብ ገበያም ሆነ በሌላው የገጠር ገበያ የፋብሪካ ዕቃ የሚሸምት ሰው ጽሑፉን ከማንበብ ይልቅ ሥዕሉንና ቀለሙን አይቶ መለየት ይቀናዋል፤ ፊደል ያልቆጠረው ቀርቶ የቆጠረውም ቢሆን የለመደውን ሳሙና ወይም የባትሪ ድንጋይ የሚያነሣው በመልኩ ነው። ሌላ አምራች ይህን መልክ አስመስሎ ቢያቀርብ ገዢው ይታለላል፣ የመጀመሪያው አምራችም በጥራት ያፈራውን ደንበኛ ያጣል፤ የንግድ ምልክት ሕግ የሚከላከለው ይህንን ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን፣ ምዝገባውን የሚያካሂደው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የንግድ ምልክትን የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ፣ በዓይን የሚታይ ምልክት አድርጎ ስለሚተረጉመው፣ ከቃልና ከፊደል ሌላ ሥዕል፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የመያዣው ቅርጽ፣ የእነዚህም ቅንጅት ሊመዘገብ ይችላል። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል።

ከአርማ፣ ከቅርጽና ከቀለም ለማስመዝገብ የሚቀለው አርማ፣ በተለምዶ ሎጎ የሚባለው ነው። በጥቁርና ነጭ የተመዘገበ አርማ በየትኛውም ቀለም ቢሠራ ጥበቃው ሲከተለው፣ በቀለም የተመዘገበው ግን በተመዘገበበት የቀለም ቅንጅት ይወሰናል፤ በመሆኑም መለያ ቀለሙን ገና ያልወሰነ ጀማሪ ነጋዴ በጥቁርና ነጭ ቢያስመዘግብ ይበጀዋል።

ቅርጽ ግን ብዙ ያከራክራል። በየገበያው ዘይት፣ ማርና አረቄ የሚቀዳበት፣ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም የነበረው ስያሜ የወል መጠሪያው ሆኖበት “ሃይላንድ” የሚባለው ባዶ ፕላስቲክ ቢታይ፣ በወገቡ ዙሪያ ያሉት ሸንተረሮች ስሱን ፕላስቲክ የሚያጠነክሩ፣ በአፉ ያለው ጥርስም ክዳኑን የሚይዝ ስለሆነ፣ ለሥራው ግድ የሆነውን ይህን ቅርጽ ማንም የብቻው ምልክት ሊያደርገው አይገባም። ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጠው የፓተንት መብት በኢትዮጵያ ሕግ 15 ዓመት፣ ቢራዘም 20 ዓመት የሚቆይ በመሆኑ፣ ጠቃሚ ቅርጽ ያለገደብ በሚታደስ የንግድ ምልክት ቢያዝ ይህ የጊዜ ገደብ ትርጉም ያጣል። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ሌጎ የተባለው ድርጅት የመጫወቻ ጡቡን ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ሊይዘው እንደማይችል የወሰነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1915 የተነደፈው የኮካ ኮላ ጠርሙስ ወገበ ቀጭን የሆነው መጠጡ ስላስገደደው አይደለም፤ እንዲያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት የተመዘገበው በ1960፣ ሕዝቡ ጠርሙሱን አይቶ መጠጡን መለየት ከጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ ነበር።

ለብቻው የቆመ ቀለም ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ በርበሬ የሚያሽግ ነጋዴ ቀይን የግሉ ላድርግ ቢል የዕቃውን የተፈጥሮ መልክ ከተወዳዳሪዎቹ እንደመንጠቅ ይቆጠራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ለልብስ መተኮሻ ንጣፍ የዋለን ወርቃማ አረንጓዴ ቀለም በምልክትነት የተቀበለው፣ ቀለሙ ለንጣፉ ሥራ የሚጨምረው ጥቅም ስላልነበረና ገዢዎች አምራቹን በእሱ ለይተው ስላወቁት ነው።

ማሸጊያ ከማሳተም በፊት ተመሳሳይ ምልክት አስቀድሞ አለመመዝገቡን ማጣራት ኪሳራን ያስቀራል። ምዝገባው ከተገኘ በኋላም ምልክቱ ለተከታታይ 3 ዓመታት ሥራ ላይ ካልዋለ ሊሰረዝ ይችላል።