የቤት ቁጥር ስንት ነው?

(ድምፅ፦ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ፤ የሰው ጫጫታ፤ ማኅተም ሲመታ ይሰማል)

ተራኪ፦ ሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆንም ሰልፉ ግን ቀድሞ ከበሩ ወጥቶ አስፋልት ደርሷል። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ ወረዳዎች በአንዱ ነን። የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ የመጣ አለ፤ መሸኛ የሚጽፉለትን የሚጠብቅ አለ። ከመሀል ነጠላዋን ያጣፋች አንዲት እናት ቢጫ ፌስታል ታቅፋ ቆማለች። ፌስታሉ ውስጥ የልጆቿ የክትባት ካርድ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት የመድኃኒት ማዘዣ፣ የመብራት ሒሳብ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት፣ ከትውልድ ቀበሌዋ ይዛው የመጣችው ጠርዙ የተላጠ መታወቂያ አለ። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ጋ ቀረበች።

ድምፅ፦ እናት፣ የቤት ቁጥር ስንት ነው?

ድምፅ፦ ተከራይ ነኝ፣ ወንድሜ። የአከራዬን ልንገርህ?

ድምፅ፦ አከራይሽ ያውቃሉ? እሳቸው ካልመጡ አይሆንም።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው የቤት ኪራዩ፣ መብራቱ፣ አስቤዛውና ሕክምናው በአንድ ወር ሲደራረብ ከመንግሥት ምን ድጋፍ ይገኛል የሚለውን ነው። ድጋፍ የለም ማለት አይቻልም፤ አለ። በስም የሚታወቅ፣ በጀት የተያዘለት፣ አዋጅ የወጣለት ድጋፍ አለ። ነገር ግን አብዛኛው የሚያልፈው በአንዲት የነዋሪነት መታወቂያ በኩል ነው፤ መታወቂያዋ ደግሞ የምትገኘው በቤት ቁጥር ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ዕቃውን ሲያግዝ የሚኖረው ተከራይ፣ በሩ ላይ ይቀራል።

ነገሩ የቆየ ሥር አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የቀበሌ ቤት ያኔ ተወለደ። ያን ቤት ያገኘ ቤተሰብ ከጣሪያው ሌላ ቁጥር አገኘ፤ ከቁጥሩ ጋር የቀበሌ ቅጽ፣ መታወቂያ፣ የሸማቾች ሱቅ ካርድ መጣ። ዘይትም ስኳርም በዚያ ቅጽ ታደለ። ቀበሌው ወረዳ ሆኖ፣ ቅጹም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ አሠራሩ ግን ዛሬም የሚያውቀው ቤቱን ነው። ሰውን የሚያውቀው በቤቱ በኩል ነው።

ተከራይ መታወቂያ ጨርሶ አያገኝም ማለቴ አይደለም። መሸኛዋን ከነበረችበት አምጥታ፣ አከራይዋ ፈቅደው በቤታቸው ቁጥር ደባል አድርገው ካስመዘገቧት ታገኛለች። ሁለቱም ግን ከባድ ናቸው። መሸኛ ለማምጣት የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የመጣችበት አካባቢ ሰላም ካልሆነ ደግሞ መንገዱም የለም። አከራይ በበኩላቸው ግብር ይመጣብኛል፣ ነገ የቤቱ ባለመብት ነኝ ትለኛለች ብለው ይሰጋሉ። ከተማዋ መታወቂያ መስጠት ያቆመችባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ቢኖራትስ? ፋይዳ ማንነቷን ያረጋግጥላታል፤ የየትኛው ወረዳ ነዋሪ እንደሆነች ግን አይመሰክርላትም።

(ድምፅ፦ መጥረጊያ መንገድ ሲጠርግ፤ የጋሪ ጎማ)

ተራኪ፦ ይህን ድምፅ ማለዳ የሚነሳ ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ የሚጠርጉ፣ አትክልት የሚኮተኩቱ ብዙ ሴቶች የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ናቸው። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 11 ከተሞችን ይዞ ነበር፤ አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ከየክልሉም እንደ አዳማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና ጅግጅጋ ያሉትን አንዳንድ ከተማ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ የተያዘው 450 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 300ው ከዓለም ባንክ በብድር፣ ቀሪው ከመንግሥት። ዕቅዱ 604,000 ሰው መድረስ ነበር።

አሠራሩ ሁለት መልክ አለው። መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢ ልማት ላይ ተሰማርቶ ክፍያውን በባንክ ደብተሩ ይወስዳል፤ ከዚያም ላይ 20 በመቶው ይቆጠብለታል። ጊዜውን ሲጨርስ «ተመረቀ» ይባላል፤ ለትንሽ ንግድ መነሻ ገንዘብም ይሰጠዋል። መሥራት የማይችለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ የጸና ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው ይታቀፋል፤ ሥራ ሳይጠየቅ ይከፈለዋል። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። «ሴፍቲኔት መጥረግ ነው፤ እኔ ጉልበት የለኝም» ብለው ሳይጠይቁ ቤታቸው የቀሩ አረጋውያን አሉ።

ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ከአካባቢው ሰው የተውጣጣ የልየታ ኮሚቴ ነው። ዕድርተኛው፣ ሽማግሌው፣ የቀጠናው ተወካይ ተቀምጠው «እሷ አላት፤ እሷ የላትም» ይላሉ። ይህ አሠራር መልካም ጎን አለው፤ የጎረቤትን ማጀት ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፦ ከመጣች ብዙ ያልቆየች፣ ዕድር ያልገባች፣ በየመንፈቁ ግቢ የምትቀይር ተከራይ ማን ያነሳታል? ስሟን የሚያውቅ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ከሌለ ድህነቷም አይታወቅም።

ምግብን በሚመለከት በአጭሩ ልለፍ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም ለእናቶች ትልቅ ሸክም አቅልሏል። ልጇ ቁርሱንና ምሳውን ትምህርት ቤት ከበላ ለእሷ የሚቀራት እራቱ ነው። ምንም ለሌላቸው ደግሞ ተስፋ ብርሃን የሚባሉት የምገባ ማዕከላት በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ። የእሁድ ገበያውም ሽንኩርትና ድንቹን ከጉልት ዋጋ ቀነስ አድርጎ ያቀርባል።

(ድምፅ፦ የጤና ጣቢያ ተራ መጥሪያ፤ የሕፃን ለቅሶ)

ተራኪ፦ ወደ ሕክምናው እንምጣ። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ለማንም ሰው ነፃ ናቸው። ለእነዚህ አገልግሎቶች ገንዘብ ከተጠየቃችሁ የምትከፍሉበትን ምክንያት ጠይቁ፤ ደረሰኝም ያዙ።

ለሌላው ሕመም መንገዱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ነው ወደ ሌላው አካባቢ የሰፋው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍልና ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሁለት ነገር ግን ሰውን በተደጋጋሚ ያደናቅፋል። አንደኛው የምዝገባና የእድሳት ወቅቱ ነው። ካለፈ ካለፈ ነው፤ ታሞ መመዝገብ አይቻልም። ሁለተኛው ሪፈር ነው። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ሆስፒታል የሚገባው ከዚያ በሚጻፍ ሪፈር ነው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

መድኃኒት ሲጠፋ የሚመጣው ችግርም እውነተኛ ነው። ካርዱን ይዛ ገብታ፣ ታክማ፣ በመጨረሻ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ» የተባለች እናት መድኑ ምን እንደጠቀማት ብትጠይቅ አትፈረድባትም። ያን ጊዜ የወረዳውን የጤና መድን ቢሮ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ውል የገቡ መድኃኒት ቤቶች ካሉ ቢሮው ይነግራታል።

(ድምፅ፦ ቆጣሪ፤ የግቢ ድምፅ፤ ሰሐን ሲታጠብ)

ተራኪ፦ አሁን ወደ ፌስታሉ ልመልሳችሁ፤ ወደዚያች የመብራት ብጣሽ ወረቀት። እሷ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ድጎማ ከታለመለት ሰው እጅ እንዴት እንደሚያመልጥ በእሷ በግልጽ ይታያል።

የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ማስተካከያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ እንዲከፍል ሲተው፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን በማስተካከያው መጨረሻ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሷል። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ጭማሪ መጥቷል፤ እርከኑ ግን እንዳለ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፦ አንድ አምፖልና አንድ ምድጃ ያላት ቤት ትደጎም።

ይህች እናት የምትኖርበት ግቢ ውስጥ ግን አምስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ አለ። እያንዳንዱ ቤት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ሁሉም ለየብቻው ከዝቅተኛው እርከን ውስጥ ነው። ቆጣሪው ግን የሚያነበው 225 ነው። ለቆጣሪው እነዚያ አምስት ድሃ ቤቶች አንድ ደህና ኑሮ ያለው ቤት ናቸው። አከራዩ ሒሳቡን በሰው ያካፍላሉ፤ ምጣድ መሰካት ክልክል ይሆናል፤ ካውያ ለሚሰካ ይጨመርበታል። ደረሰኙ በአከራዩ ስም ስለሆነ ለእሷ የሚደርሳት በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። የራሷን ቆጣሪ እንዳታስገባ ቤቱ የሷ አይደለም።

እዚህ ላይ ታሪፉን ያወጣውም አከራዩም አልዋሹም፤ ሕግም አልተጣሰም። ድጎማው ግን አልደረሰም። ለእኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ተራኪ፦ በኪራይ በኩል አዲስ ነገር አለ። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1320 ነው። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ኪራይም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

በተግባር ግን አንዳንዱ በወረቀት ሌላ፣ በእጅ ሌላ ይከፍላል። ውሉ ላይ 3,000 ብር ተጽፎ 5,000 የሚቀበል አከራይ ሲገጥማችሁ፣ ቤት ላጣ ብላችሁ ስትስማሙ፣ ከፊርማው ጋር መከራከሪያችሁንም አብራችሁ ትሰጣላችሁ። በእርግጥ ልጅ ታቅፎ ቤት የሚፈልግን ሰው «እምቢ በል» ማለት ቀላል አይደለም። ቢያንስ የምትከፍሉትን በባንክ አድርጉት፤ ባንክ ምስክር ነው።

ለዚች እናት የተመዘገበ ውል ሌላም ነገር ሊሰጣት ይገባል እላለሁ። ውሉን የሚመዘግበው ያው ወረዳዋ ነው። ሰነዱ ላይ ስሟ አለ፤ የአከራይዋ ስም አለ፤ የቤት ቁጥሩ አለ፤ ሁለት ዓመት እንደምትኖርም ተጽፏል። ያን ውል ይዛ ወደ መታወቂያው መስኮት ስትሄድ አከራይሽን አምጪ መባል የለባትም። የአዲስ አበባ አስተዳደር የተመዘገበን የኪራይ ውል ለነዋሪነት በቂ ማስረጃ አድርጎ በመመሪያ ቢያጸናው ሴፍቲኔቱም፣ ጤና መድኑም፣ የሸማቾች ሱቁም በአንድ ጊዜ ይከፈቱላታል። አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንዱ መስኮት የጻፈውን ሌላው እንዲያምን ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። የሴፍቲኔቱ የልየታ ኮሚቴ የመረጣቸው ሰዎች ዝርዝር ወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቅሬታ ያለው ሰው ለቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ያቀርባል፤ መብቱ ነው። ቅሬታችሁን በቃል ብቻ አትንገሩ፤ በጽሑፍ አስገቡ፤ ቀኑን አስጽፉ፤ ቅጂውን ያዙ። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች ካሏችሁም ዝርዝሩ በተለጠፈ ሰሞን አብራችኋቸው ሂዱና ስማቸውን ፈልጉላቸው።

(ሙዚቃ)