የፓምፑ ጎማ ሲበላ

በገጠር የውሃ ተቋም ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም። የለጋሹ አርማና ዓመተ ምሕረቱ በሰሌዳ ይለጠፋል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ፣ እጀታው ቢነቀነቅ ውሃ አልወጣ ሲል ነው።

አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ እንውሰድ። ሲሠራ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፤ በአንድ ቁልፍ ይፈታል፣ ዘንጉም በእጅ ተስቦ ይወጣል። ቶሎ የሚበላው ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ናት። ዋጋዋ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ የምትሸጥበት ሱቅ በቅርብ የለም። ለጋሹ ሪፖርቱን ዘግቶ ሄዷል፤ ወረዳው ለሞተር ብስክሌት ነዳጅ ቸግሮታል። እናቶችም ጀሪካን አዝለው ወደ ጥንቱ ወንዝ ይመለሳሉ።

ለጋሽ ጠፍቶ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ግን እያንዳንዱ የራሱን ወረዳ፣ የራሱን ፓምፕና የራሱን የሪፖርት ቅጽ ይዞ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ዋን ዋሽ የተባለው ብሔራዊ የውሃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ፕሮግራም ውሃን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና ገንዘብ ሚኒስቴርን በአንድ ዕቅድ ያሰባሰበው ይህን ዝብርቅርቅ ለማጥራት ነው።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ግን ያለው አማራ ክልል ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክልሉ የገጠር ውሃ ላይ የሠራችው ፊንላንድ፣ ከ2003 ወዲህ ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (በዛሬው ጸደይ ባንክ) በኩል ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ መስጠት ጀመረች። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ኮሚቴው ሆነ። «ገበሬ ይህን ሁሉ ብር ይይዛል ወይ?» ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ያዘ! አሠራሩም እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎች ዘለቀ። እርግጥ ይህ ለምንጭና ለእጅ ጉድጓድ እንጂ ለሁሉም አይሆንም። የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነውን፣ የመንደር ኮሚቴ አያጣራውም፤ እዚያ መንግሥትና ትልቅ ገንዘብ ግድ ነው።

በመጸዳጃው በኩል ቁጥሩ ያኮራል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዩኒሴፍ የጋራ ክትትል እንዳሰፈረው፣ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው የኢትዮጵያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 ወርዷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የዞሩበት ድካም ነው። ነገር ግን ክዳን የሌለው፣ ክረምት ሲገባ የሚደረመስ ጉድጓድም በዚያ ቁጥር ውስጥ እንደ ሽንት ቤት ተቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አብዛኛውን ክፍል ስታቋርጥ፣ በሰው ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ምን ያህል እንደማይታመን ታየ። ስለዚህ ገንዘብ ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ውሃ ቢሮዎች፣ የመለዋወጫ በጀት የሌለውን የጉድጓድ ውል አትፈርሙ።