የእርዳታ ዕቃ በወደብ እንዳይዘገይ፦ ስለ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን አቀራረብ

በድርቅ ጊዜ የሚሰጥ እርዳታ የሚመዘነው በተለገሰው እህል መጠን ብቻ ሳይሆን፣ እህሉ ከተረጂው እጅ በሚደርስበት ቀን ጭምር ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሀብ እንዳስገነዘበው፣ እህል የጫነ መርከብ ወደብ መድረሱ ብቻውን የወገንን ሕይወት አያድንም። በወደብና በማከፋፈያ ጣቢያ መካከል ዕቃን ከሚያዘገዩት ምክንያቶች አንዱ የጉምሩክ ሰነድ ጉድለት በመሆኑ፣ አሠራሩን ከዚህ በታች በአጭሩ እናብራራለን።

ዲክላራሲዮን ማለት ዕቃ አስገቢው ወይም አስወጪው ድርጅት የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋና የሥሪት አገር ለጉምሩክ በኃላፊነት የሚያስታውቅበት ሰነድ ነው። ሰነዱን የሚያቀርበው ድርጅቱ ራሱ ወይም ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ነው። የእርዳታ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ቢፈቀድም፣ ከቀረጥ ነጻ መሆን ከዲክላራሲዮን ነጻ መሆን አይደለም። መብቱ የተሰጠው ለተወሰነ ተቀባይና ለተወሰነ ዓላማ ስለሆነ፣ ዕቃው መብቱ ለሌለው ሦስተኛ ወገን ቢተላለፍ ቀረጥና ታክስ ይጠየቅበታል።

ከዲክላራሲዮኑ ጋር የዋጋ ደረሰኝ፣ የማጓጓዣ ሰነድና የዕቃ ዝርዝር ይቀርባሉ። ዋናው ቁም ነገር እነዚህ ሰነዶች እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። ለምሳሌ የማጓጓዣ ሰነዱ ባለ 50 ኪሎ 20,000 ጆንያ ስንዴ፣ ማለትም 10,000 ኩንታል ሲል፣ የዕቃ ዝርዝሩ 19,600 ጆንያ ቢል፣ ልዩነቱ እስኪጣራ ድረስ ጭነቱ ይቆያል፤ የመጋዘን ኪራይም ይቆጠራል።

የዕቃው መደብ የሚወሰነው በምንነቱ እንጂ በሚሰጠው አገልግሎት ስም አይደለም። በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ስንዴ በምዕራፍ 10፣ ብርድ ልብስና ድንኳን በምዕራፍ 63 ይገኛሉ። ስለዚህ «የእርዳታ ዕቃ» ብሎ በጅምላ መጻፍ ለጥያቄ ይዳርጋል። ዋጋውም ቢሆን በልግስና የተገኘ ነው ተብሎ ሳይሞላ አይታለፍም።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ በመሆኑ፣ ዕቃው እስከ መዳረሻው የጉምሩክ ጣቢያ ድረስ በትራንዚት ሥርዓት ይጓዛል። ጉምሩክም የስጋት ደረጃን መሠረት በማድረግ አንዳንዱን ጭነት ወዲያው ያሳልፋል፤ የአንዳንዱን ሰነድ ይመረምራል፤ ሌላውን ደግሞ በአካል ይፈትሻል።

ለሰፈራ ጣቢያዎች የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ በጊዜያዊነት የሚገቡ መሣሪያዎችም በተወሰነላቸው ጊዜ ውስጥ ተመልሰው መውጣት ይኖርባቸዋል። በሚወጡበት ጊዜ የሚቀርበው ዲክላራሲዮን በገቡበት ጊዜ ከተመዘገበው የመለያ ቁጥር ጋር ካልተገናዘበ፣ በዋስትና የተያዘው ገንዘብ ሳይለቀቅ ይቆያል።

ዛሬ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚባለው ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ እርዳታ ዕቃዎች በቅድሚያ እንዲስተናገዱ ለአባል አገሮች ያሳሰበው በ1962 ዓ.ም. ነበር። ይሁንና ቅድሚያ የሚጠቅመው ሰነዱን አሟልቶ ለሚቀርብ ነው። በመሆኑም የእርዳታ ድርጅቶችና የሚመለከታቸው የመንግሥት ሠራተኞች መርከቡ ወደብ ከመድረሱ በፊት ሰነዶቻቸውን አመሳክረው ሊያዘጋጁ ይገባል። በጽሕፈት ቤት የሚታረም አንድ አኃዝ፣ በወደብ ላይ ከታየ ለተራበው ወገን የብዙ ቀን ጥበቃ ይሆናልና።