ለሚበላሽበት ቀን የሚገዛ ኪቦርድ

«አማርኛ ይጽፋል?» ኪቦርድ ሊገዛ የተነሣ የሙያ ባልደረባ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ሁሉም ይጽፋል። ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደተመታ ብቻ ነው። ያንን ወደ ፊደል የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው፣ እንደ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን ያለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ቁልፉ ላይ የግዕዝ ፊደል ታተመም አልታተመም ሥራው ያው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከሁለቱ የቱን ልግዛ?» የሚለው ነው። ይኼ አጭር መልስ የለውም። ትንሽ፣ ገመድ አልባና ሜካኒካል ኪቦርድ የሚፈልጉ ተርጓሚዎች ደጋግመው ጎን ለጎን የሚያቀርቡልኝ ኪክሮን ኬ2ን እና ሎጂቴክ ኤምኤክስ ሜካኒካል ሚኒን ነው። ሁለቱንም ሠርቼባቸዋለሁ። ሁለቱም የቁጥር ሰሌዳቸው ተቆርጦ ያጠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ከሦስት መሣሪያ ጋር በብሉቱዝ ይጣመራሉ፤ በአንድ ቁልፍ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ታብሌት ያሻግራሉ። በወረቀት ላይ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ።

ባለፈው አንዲት ወጣት ተርጓሚ የሁለቱን መግለጫ በሠንጠረዥ አዘጋጅታ ላከችልኝ። የባትሪው መጠን፣ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የመብራቱ ቀለም ሁሉም አለ። እኔም መልሼ፣ «ቢበላሽብሽ ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና ሳልገዛው!» አለችኝ ስቃ።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕቃ በሰው እጅ ለሚያስመጣ ሰው ግን ጥያቄው ከግዢ በፊት የሚነሣ ነው። ዋስትናው በወረቀት ላይ ይኖራል፤ ዕቃውን መልሶ የሚወስድለት እንግዳ የሚመጣው ግን በዓመት አንዴ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የጎደለው ረድፍ እሱ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው የማየው።

ሜካኒካል የሚባለው ኪቦርድ ከተራው የሚለየው በውስጡ ነው። በተራው ኪቦርድ ቁልፎቹ ሁሉ የሚያርፉት አንድ ወጥ ጎማ ላይ ነው። በሜካኒካሉ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊችና የራሱ ስፕሪንግ አለው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ስዊች መሠረቱ ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው ኤምኤክስ የተሰኘ ንድፍ ነው። የኩባንያው የባለቤትነት መብት ዘመኑ ካለፈ በኋላ እንደ ጌትሮንና ካይል ያሉ የቻይና አምራቾች በዚያው ንድፍ በስፋትና በርካሽ ማምረት ያዙ። ኬ2 የሚመጣው በጌትሮን ስዊች ነው፤ የሎጂቴኩ ደግሞ ከካይል የተወሰደ ዝቅ ያለ ስዊች አለው።

ስዊቾቹ በቀለም ይለያሉ። ቀዩ ያለ ምንም እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መሀል ላይ ትንሽ ጎርበጥ ብሎ ፊደሉ መግባቱን ለጣት ይነግራል። ሰማያዊው ጎርበጥ ማለቱ ሳይበቃው ቀጭ ይላል። ሰማያዊ ስዊች የያዘ ሰው አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ቢያኮርፉት ሊደንቀው አይገባም። ለጋራ ቢሮ የምመክረው ቡናማውን፣ ከሎጂቴክም ድምፅ አልባ የተባለውን ነው።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የስዊቹ ልስላሴ የሌላውን ቋንቋ ጸሐፊ ያህል ብቻ የሚያሳስብ አይደለም፤ የእኛ ጣት ብዙ ይመታል። በድምፅ አጻጻፍ «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም እያልን ለሦስት ፊደል አምስት ጊዜ እንመታለን። «ጠቃሚ» ስድስት ይፈልጋል፤ «ጠ» ከ«ተ» የሚለየው በሺፍት ስለሆነ ሲደመር ሰባት ይሆናል። በኪማን አራት ነጥብ ለማስቀመጥ ደግሞ ሺፍትን ይዞ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መምታት ነው። ሙሉ ቀን ሲተረጎም ውሎ ማታ ላይ የሚዝለው ትንሿ ጣት ነች።

ለዚህ ነው ሁለቱን ኪቦርዶች ሳወዳድር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቀኝ ሺፍት ላይ የሆነው። «ጠ»ን የሚያወጣው ቲ እና «ጨ»ን የሚያወጣው ሲ የግራ እጅ ቁልፎች ናቸው፤ አሥሩንም ጣት ለሚጠቀም ሰው ሺፍቱን የሚይዘው ቀኝ እጅ ነው። ኪቦርዱ ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ ከሚቆረጡት አንዱ ይኸው ቀኝ ሺፍት ነው፤ ከጎኑ ወደ ላይ የምታመለክተው ቀስት ትገባለች። በሁለቱም ኪቦርዶች ላይ እንዲሁ ነው። ጣት ትንሽ ካለፈ ቀስቷ ትመታለች፤ ጠቋሚው አንድ መስመር ወደ ላይ ይዘላል፤ «ጠ» ሊሆን የነበረው «ተ» ሆኖ ያለቀና የታረመ ዓረፍተ ነገር መሀል ይገባል። ጸሐፊው ዓይኑ ምንጩ ላይ ከሆነ አያየውም። የሚያየው ደንበኛው ነው። እጅ ከአዲሱ ልክ ጋር እስኪላመድ ድረስ ከባድ የአርትኦት ሥራ አለመያዝ ይሻላል፤ ይህን ምክር በየትኛውም መግለጫ ላይ አላየሁትም።

ከዚህም በላይ ማጠር የሚሻ ሰው የኪክሮን ኬ6ን ይጠቅስልኛል። እሱ 68 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያለው ረድፍ ጭራሽ የለውም። ለተርጓሚ አይሆንም። ትራዶስ በተባለው የትርጉም ሶፍትዌር ላይ ኤፍ3 ቀድሞ የተተረጎመን ቃል መፈለጊያ ነው፤ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምንመታው የሚቆጥር የለም። እሱን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ አጣምሮ መያዝን ጠረጴዛ ላይ የሚተርፈው ሁለት ጣት ቦታ አያካክስም። ኬ2 84 ቁልፍ አለው፤ ረድፉም አለ፤ ኤምኤክስ ሚኒም እንዲሁ። ብቻ ሁለቱም ላይ ይህ ረድፍ ድምፅና ብርሃን መቆጣጠሪያም ስለሆነ በገዙት ዕለት ወደ ኤፍ ተግባሩ መመለስ ነው። በሎጂቴኩ ላይ ኤፍኤንን ይዞ ኢስኬፕን መምታት ይበቃል።

ከፍታቸው ላይ ሲመጣ መንትያነታቸው ያበቃል። ኬ2 ሙሉ ቁመት ያለው ስዊች ስላለው ቁልፉ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ኪቦርዱም ከጠረጴዛው ከፍ ይላል። የእጅ ማሳረፊያ ሳያስቀምጡ ረጅም ሰዓት የሚጽፉ ሰዎች አንጓቸው ወደ ኋላ ታጥፎ ይውላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሎጂቴኩ ቁልፍ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው የሚወርደው፤ ሰውነቱም ከነቁልፉ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ እጅ ላፕቶፕ ላይ እንዳለ ተዘርግቶ ያርፋል። በጽሕፈት መኪና የሠለጠኑ ታላላቆቻችን ኬ2ን ሲሞክሩ ፊታቸው ይበራል፤ ቁልፍ እስከ ታች መውረድ አለበት ብለው ነው ያደጉት። ላፕቶፕ ላይ ያደጉት ወጣቶች ደግሞ «ኪቦርዱ ረጅም ነው» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ገዛ እጃቸው ነው።

ባትሪው ሠንጠረዥ የሚያታልልበት ቦታ ነው። ኬ2 4000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ አለው፤ ኤምኤክስ ሚኒ 1500 ብቻ። ቁጥሩን ያየ ኪክሮን ብዙ ይቆያል ይላል። ነገሩ ግልባጭ ነው። ሎጂቴክ መብራቱ ከጠፋ እስከ 10 ወር፣ ከበራ እስከ 15 ቀን ይቆያል ብሎ ይገልጻል። ኬ2 መብራቱ ጠፍቶም የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ኤሌክትሪኩ ከሚባክንበት መንገድ ነው፤ መብራቱን ለሚጠቀምም ሎጂቴኩ እጅ ሲጠጋ የሚያበራ፣ ሲርቅ የሚያጠፋ ዳሳሽ አለው። ስለዚህ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ሎጂቴክን ይመርጣል ማለት ነው? ለኪቦርዱ ብቻ ከሆነ አዎ። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሞተው ላፕቶፑ ነው፤ ኬ2ም ቢሆን በስልክ ፓወር ባንክ ይሞላል።

ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ባትሪው ባዶ ሲሆን ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሁለቱም ላይ ዩኤስቢ ሲ ገመድ ይሰካል፤ የሚሠሩት ግን የተለያየ ነው። ኬ2ን በገመድ ሲሰኩት ገመድ ያለው ተራ ኪቦርድ ይሆናል፤ ብሉቱዙ ቢሞት፣ ባትሪው ቢያረጅ እንኳን መጻፉን አያቆምም። በኤምኤክስ ሚኒ ላይ ገመዱ ለመሙላት ብቻ ነው፤ ፊደል አያስተላልፍም። እሱ መውጫው ሌላ ነው፤ ሎጂ ቦልት የምትባል የጣት ጥፍር የምታህል መቀበያ አብራው ትመጣለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰካ ያለ ብሉቱዝ ይሠራል።

ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል እንጂ በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ትልቅ ነው። ብሉቱዝ የሌላቸው ወይም ብሉቱዛቸው በአስተዳዳሪ የተዘጋ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች በየቢሮው አሉ። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ሳይከፍት ገና ሲነሣ ቁልፍ መምታት ካስፈለገም ብሉቱዝ አይረዳም። ኬ2 በገመዱ፣ ኤምኤክስ ሚኒ በመቀበያዋ ይገቡበታል። ልዩነቱ ገመድ ከየትኛውም የስልክ ሱቅ የሚገኝ መሆኑ፣ መቀበያዋ ግን የራሷ የኩባንያው ዕቃ መሆኗ ነው። ዩኤስቢ ሲ ብቻ ባለው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ መቀበያዋ ያለ አስማሚ አትገባም።

ወደ ጎደለው ረድፍ ልመለስ። አንድ ባልደረባችን ስኳር በብዛት ያለበት ማኪያቶ ኬ2 ላይ ደፋ። ኪቦርዱ ወዲያው ጠፋ፤ ተገለበጠ፤ አደረ። በማግስቱ ሁሉም ቁልፍ ሠራ፤ ኤ እና ኤስ ብቻ ተመትተው አልመለስ አሉ። የአማርኛ ተርጓሚ ያለ ኤ እና ያለ ኤስ ምን ይጽፋል? የእሱ ኬ2 ስዊቹ ሳይበየድ የሚነቀል ዓይነት ነበር። አብሮት በመጣው መንቀያ የቁልፉን ክዳን አነሣ፤ ስዊቹን ቆንጥጦ ሳበ፤ ከመለዋወጫ ፓኬቱ ሌላ አውጥቶ ሁለቱን እግሮች ከቀዳዳው ጋር አስተካክሎ ተጫነ። ቀጭ አለና ገባ። ሥራው ማኪያቶ እስኪጠጣ ድረስ እንኳን አልፈጀም። እንዲህ ያለው አደጋ ኤምኤክስ ሚኒ ላይ ቢደርስ ስዊቹ የተበየደ ስለሆነ ብየዳ የሚያውቅና ትክክለኛው ዝቅ ያለ ስዊች ያለው ሰው መፈለግ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኬ2 ሁሉ የሚነቀል አይደለም። በአንድ ስም የተበየደውም፣ የሚነቀለውም ይሸጣል፤ መልካቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል። ዘመድ ሲታዘዝ «ኬ2» ብሎ መተው በቂ አይደለም፤ የሚነቀል ስዊች ያለው መሆኑን፣ የስዊቹን ቀለም ጭምር መጻፍ ያስፈልጋል። ዋጋን ካነሣን ኤምኤክስ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 149.99 ዶላር ነበር፤ ኬ2 እንደ ዓይነቱ ከዚያ ግማሽ ገደማ ጀምሮ ይገኛል።

ቦርሳ ላይ ግን ሎጂቴክ ይረታል። 612 ግራም ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ኪስ ይገባል። የአሉሚኒየም ጠርዝ ያለው ኬ2 ወደ 800 ግራም ይጠጋል፤ ቁመቱም ዚፑን ያስቸግራል። ጠዋት አንድ ድርጅት፣ ከሰዓት ሌላ ድርጅት እየዞረች የምትሠራ ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ የምትሸከመው ክብደት ከስዊቹ ጥገና በላይ ሊያሳስባት ይችላል። ሠንጠረዥ የላከችልኝ ወጣትም እንደዚያ ነበረች፤ ሳምንቷን ስታስረዳኝ ኤምኤክስ ሚኒውን እንድታስመጣ እኔው ነኝ የመከርኳት፤ ማኪያቶዋን ከጠረጴዛው ማዶ እንድታስቀምጥ ጨምሬ።

ጠረጴዛው አንድ የሆነ፣ ቤቱ ወይም ቢሮው ተቀምጦ የሚተረጉም ሰው ግን ኬ2ን ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ የሚነቀለውን፣ ቡናማውን። በዚያው ትእዛዝ ላይ የመለዋወጫ ስዊች ፓኬት ይጨምርበት፤ ከኪቦርዱ ዋጋ አንጻር ጥቂት ነው፤ በሻንጣ ውስጥም ቦታ አይይዝም። ባትሪው ሊቲየም ስለሆነ እንግዳው ኪቦርዱን አጥፍቶ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ 4000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱ ወደ 15 ዋት ሰዓት ነው፤ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት 100 ዋት ሰዓት በብዙ ያንሳል። መለዋወጫውን «ሲያስፈልገኝ አስመጣዋለሁ» ብሎ መተው የሚያዋጣው ሱቁ ከቤት ጀርባ ላለ ሰው ነው። የእኛ የሚመጣው ከእንግዳ ጋር ነው፤ እንግዳው ቲኬት ሳይቆርጥ ይታዘዝ።